ዝዋይና አብያታ ወፍ ለማየት መቼ? ስለ ወሩ ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ውሃው ጠይቁ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ባለቤቴ፣ የ12 ዓመት ልጃችንና እኔ ከአዲስ አበባ ተነስተን ለሦስት ቀን ወደ ዝዋይና አብያታ ወፍ ለማየት አስበናል። ልጁ የሚፈልገው ፍላሚንጎ ነው፤ እኔ ደግሞ ከአውሮፓ የሚመጡትን ስደተኛ ወፎች። ዕረፍት የምናገኘው በነሐሴ፣ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥር ነው። የትኛው ይሻላል? ከየት እንጀምር? ምንስ እንያዝ?»

ጥር ይሻላል፤ ግን ከጥምቀት በኋላ። ጥር 10 እና 11 ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያለችው ባቱ ከተማና የሐይቁ ዳርቻ በበዓል ሰው ስለሚሞሉ መኝታ ማግኘት ይከብዳል፤ ወፎቹም ከዳርቻው ይርቃሉ። ግርግሩ ካለፈ በኋላ፣ ከጥር 14 ወዲያ ያሉት ሦስት ሳምንታት ለእናንተ ዓይነት ጉዞ ምርጥ ናቸው። መስከረም ወደ ኋላ የሚቀረው ወፍ ስለሌለ አይደለም፤ ብዙዎቹ ስደተኞች ያኔ ገብተዋል። ችግሩ ውሃው መሙላቱ ነው።

ጉዳዩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ላብራራው። ውሃ ዳር የሚመገብ ወፍ የሚውልበትን ቦታ የሚወስንለት የእግሩና የመንቆሩ ርዝመት ነው። ሊትል ስቲንት የምትባለው፣ ከድንቢጥ የማትበልጥ የጭቃ ወፍ፣ የምትለቅመው ውሃው ገና ከሸሸበት እርጥብ ጭቃ ላይ ነው። ራፍ ከእርሷ ስለሚረዝም ጥቂት ጣት ጥልቀት ወዳለው ውሃ ይገባል። ብላክ ዊንግድ ስቲልት ቀያይ ረጃጅም እግሮቹን ይዞ ከዚያ ይጠልቃል። ሾቬለርና ፒንቴይል የተባሉት ይብራዎች እየዋኙ ስለሚመገቡ ደረት የሚያንሳፍፍ፣ ግን አንገት ሲዘቀዘቅ ታቹ የሚደረስበት ውሃ ይፈልጋሉ። ፔሊካን ደግሞ ዓሣ ያለበት ክፍት ውሃ ነው የሚሻው። እንግዲህ የዝዋይ ሐይቅ አማካይ ጥልቀት 2.5 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ገበታ የመሰለ ሐይቅ በግማሽ ሜትር ሲቀንስ ዳርቻው በጣም ይርቃል፤ በመሃል የሚቀረው ሰፊ ጭቃና ስስ ውሃ የወፎቹ ማዕድ ይሆናል።

የዝዋይ ውሃ ከፍ የሚለው የመቂና የቀታር ወንዞች የክረምቱን ጎርፍ ካመጡ በኋላ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። ከዚያ ቀስ እያለ ይወርድና ግንቦትና ሰኔ ላይ ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል። በመስከረም መጨረሻ ስትደርሱ ውሃው ሣሩን አልብሶታል፤ ጭቃው አይታይም፤ ወፎቹ በየማሳው ኩሬና በየረግረጉ ተበትነዋል። ጥር ላይ ግን ማሳው ደርቆ፣ ኩሬው ጠፍቶ፣ ተበትኖ የነበረው ሁሉ ሐይቁ ዳር ይሰበሰባል። ወፉ ላይበዛ ይችላል፤ የሚታየው ግን በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

ዝናቡ ዘግይቶ ያቆመ ዓመት ከሆነ ይህ ሁሉ ሳምንታት ይገፋል። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት ባቱ ለምታርፉበት ሆቴል ደውላችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ጀልባ መቆሚያው አጠገብ ጭቃ ይታያል ወይስ ውሃው ሣሩ ውስጥ ነው?» «ወፍ አለ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ስለሆነ አይጠቅማችሁም።

ስለ ስደተኞቹ አመጣጥ አንድ ማስተካከያ ላድርግ። ሁሉም ከአውሮፓ የሚመጡ አይደሉም፤ ለምሳሌ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሚወርዱት ራፎች በአብዛኛው ከሩሲያና ከሳይቤሪያ የተነሱ ናቸው። ቀድመው የሚደርሱት የጭቃ ወፎች ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ነሐሴ ሳያልቅ ይታያሉ። ይብራዎቹ በጥቅምትና በኅዳር ይበዛሉ። ኮመን ክሬን የተባለው ግራጫ፣ አንገቱ ጥቁርና ነጭ የሆነ ቁመተ ረጅም ወፍ የሚመጣው ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ነው። መመለሻቸው ከየካቲት መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ይደርሳል። መጋቢት ላይ የሚሄድ ሰው ሌላ ጸጋ ያገኛል፦ ወፎቹ ለበረራ እየሰቡ፣ አንዳንዶቹም የጋብቻ ላባቸውን እየለበሱ ነው። ጥር ላይ ግራጫና ቡናማ ሆኖ የሚያስቸግር ወፍ መጋቢት ላይ ቀለም ያወጣል። በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊ ስለሚበዛ የዓሣ ማውረጃው ሥራ ይደራል፤ የሚጣለውን አንጀትና ጭንቅላት የሚሻሙት ፔሊካኖችና አባ ኮዳዎችም ያን ያህል ይሰበሰባሉ። እናንተ የጠቀሳችሁት ሦስት ወር ብቻ ሆነ እንጂ መጋቢት መጀመሪያም ከጥር የሚያንስ አይደለም።

ነሐሴን ብዙ ሰው ይንቃል፤ እኔ አልንቀውም። ስደተኞቹ ገና ናቸው፤ የአገሩ ወፎች ግን የሚዋለዱት በክረምት ነው። ጎጆ የሚሠሩት ዊቨሮች ፊላው ላይ ተንጠልጥለው ሲሸምኑ፣ ሬድ ቢሾፕ የተባለው ወንድ ወፍ እንደ ፍም ቀልቶ ሲንቀጠቀጥ፣ ጃካና የተባለው ረጃጅም ጣት ያለው ወፍ ውሃ ላይ በተነጠፈ ቅጠል ላይ ሲራመድ የሚታየው ያኔ ነው። በጃካና ዘንድ እንቁላሉን የሚታቀፈውም ጫጩቱን የሚያሳድገውም አባትየው ነው፤ ልጃችሁ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለዋል። ሆኖም በነሐሴ የአብያታ ዳርቻ በመኪናም በእግርም አይደፈርም፤ ጠዋቱም ብዙ ጊዜ ደመናማ ነው። ነሐሴ ግድ ከሆነባችሁ ዝዋይና ሐዋሳ ላይ ብቻ ተወሰኑ።

አሁን ወደ ፍላሚንጎው። ፍላሚንጎ የቀን መቁጠሪያ ወፍ አይደለም፤ ምግቡን ተከትሎ የሚዞር ነው። በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ከእኛ ሐይቆች እስከ ኬንያዎቹ ቦጎሪያና ናኩሩ፣ እስከ ታንዛኒያው ናትሮን ድረስ ይመላለሳል፤ የሚጓዘውም በአብዛኛው ሌሊት ነው። ማታ ሺህ ያያችሁበት ዳርቻ ጠዋት ባዶ ሊሆን ይችላል። ሁለት ዓይነት መኖራቸውን ለልጁ አስቀድማችሁ ንገሩት። ትንሹ ፍላሚንጎ ከ80 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ መንቆሩ ጠቆር ያለ ቀይ ስለሆነ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል። የሚመገበው ሶዳ በበዛበት ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውን ስፒሩሊና የተባለ ጥቃቅን አረንጓዴ ተሕዋስ ነው፤ ራሱን ከውሃው ገጽ ላይ ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ያጣራዋል። ትልቁ ከ120 ሳንቲ ሜትር በላይ ነው፤ ላባው ነጣ ይላል፤ መንቆሩ ሐመር ሮዝ ሆኖ ጫፉ ብቻ ጥቁር ነው። እርሱ ጭቃውን በእግሩ እያማሰለ ጥቃቅን እንስሳትን ይለቅማል። ራሱን ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ከትቶ ካያችሁት ትልቁ የመሆኑ ዕድል ከፍ ያለ ነው።

ስለ አብያታ እውነቱን አውቃችሁ ሂዱ። ሐይቁ ያለበት የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ሲቋቋም ከነበረው ውሃ ብዙው ሸሽቷል። ወደ እርሱ የሚገባው ዋና ውሃ ከዝዋይ የሚነሳው የቡልቡላ ወንዝ ነው፤ ከላይ ለመስኖ ብዙ ሲቀዳ ታች የሚደርሰው ያንሳል። ከሐይቁ ውሃ ሶዳ አሽ የተባለ ማዕድን የሚያወጣው ፋብሪካም ውሃ ሲወስድ ኖሯል። ሐይቁ ባነሰ ቁጥር ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣው አለቀ። በጎረቤቱ ሻላ ሐይቅ ደሴቶች፣ አራዊት በማይደርስባቸው ቋጥኞች ላይ የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች ድሮ እዚያው አጠገባቸው ካለው አብያታ ዓሣ ይመገቡ ነበር፤ አሁን ጨው ወደሌለባቸው ሌሎች ሐይቆች መብረር ግድ ሆኖባቸዋል። ይህን ሳያውቅ የሄደ ሰው በአሮጌ ካርታ ላይ ሰማያዊ የተቀባው ቦታ ላይ ደርሶ ነጭ ደረቅ ሜዳ ሲያገኝ የተሳሳተ ይመስለዋል። አልተሳሳተም፤ ውሃው ከዚያ ራቅ ብሎ ነው። ያም ሆኖ አብያታ ዛሬም ለትልቁም ለትንሹም ፍላሚንጎ፣ ለአቮሴት፣ ለስቲልት፣ ለሾቬለርና ለብዙ የጭቃ ወፎች ትልቅ ቦታ ነው፤ መጎብኘት የሚገባውም ለዚህ ነው።

ፍላሚንጎው አብያታ ላይ ከሌለ ሁለት ቦታ ይፈለጋል። አንደኛው ከላንጋኖ ወደ አብያታ የሚፈሰው የሆራ ቀሎ ወንዝ መግቢያ ነው፤ በሶዳ ሐይቅ የሚውሉ ወፎች ለመጠጣትና ላባቸውን ለማጠብ ጨው ያልበዛበት ውሃ ስለሚፈልጉ እንዲህ ያሉ አፎች ላይ ይከማቻሉ። ሁለተኛው ከሻላ ደቡብ ምዕራብ ያለችው ትንሿ የጭቱ ሐይቅ ናት፤ ውሃዋ በስፒሩሊና አረንጓዴ ስለሆነ ትንሹ ፍላሚንጎ ይወዳታል። ጭቱ ግን ከዋናው መንገድ የራቀች ስለሆነች የራሷን ቀን ትፈልጋለች። በሦስት ቀን ውስጥ ለመጨመር አትሞክሩ፤ ፍላሚንጎው አብያታ እንደሌለ በፓርኩ ሠራተኞች ካረጋገጣችሁ ብቻ የሁለተኛውን ቀን ከሰዓት ለእርሷ ልቀቁ።

የቀኖቹን ቅደም ተከተል የሚወስነው ፀሐይ ነው። ባቱ ከተማ ከሐይቁ በስተ ምዕራብ ስለሆነች ጠዋት ከጀልባ መቆሚያው ወደ ውሃው የሚያይ ሰው ፀሐይዋ ዓይኑ ውስጥ ትገባለች፤ ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆንበታል። ከሰዓት ከ10 ሰዓት በኋላ ግን ብርሃኑ ከጀርባው ሆኖ የላባው ቀለም ቁልጭ ብሎ ይታየዋል። አብያታ በተቃራኒው ነው፤ ወደ ሐይቁ የሚገባው ከዋናው መንገድ፣ ከምሥራቅ በኩል ስለሆነ ጠዋቱ ነው ምርጡ። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ሁለቱንም ያበላሻል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ከአዲስ አበባ ጠዋት ተነስታችሁ፣ በየመንገዱ ሳትቆሙ 160 ኪሎ ሜትሩን ጨርሱ፤ ምሳ በልታችሁ ዕረፉ። በ10 ሰዓት ጀልባ መቆሚያው ላይ ሁኑ። የዓሣ ማውረጃው ልጅ ሳይሰለች ወፍ የሚያይበት ቦታ ነው፦ ፔሊካን፣ አባ ኮዳ፣ ሳቢሳ፣ ሐመርኮፕ፣ ጥቁርና ነጭ ዓሣ አጥማጅ ወፍ፣ ከዛፍ ላይ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ የሚጮኸው ዓሣ አዳኝ ንስር፣ ሁሉም ከ20 ሜትር ባነሰ ርቀት ይታያሉ። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግን ዳርቻው ላይ አትቆዩ፤ ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው ያኔ ነው።

በሁለተኛው ቀን ጥር ላይ ጀምበር 12፡45 ገደማ ስለምትወጣ 12፡30 ላይ ጀልባ ውስጥ ግቡ። ጀልባው ቀጥ ብሎ ወደ ደሴቶቹ እንዲበር አትፍቀዱ፤ ያ የገዳማት ጉብኝት መንገድ ነው። ለጀልባው ሰው ጉዞው ለወፍ መሆኑን አስረዱት፦ ከዳርቻው ወጣ ብሎ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ ዞሮ የፊላውን ጠርዝ ቀስ ብሎ ይከተል፤ እንዲህ ሲሆን የጠዋቷ ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሆናለች። ዋጋውን በሰዓት ተነጋገሩ፤ በ«ዙር» የተነጋገረ ባለጀልባ ዙሩን ለመጨረስ ስለሚቸኩል ሞተሩን አያጠፋም። ሁለት ሰዓት ይበቃል። ፊላው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ሞተሩ ጠፍቶ 10 ደቂቃ ዝም በሉ፤ ጥቁሯ ብላክ ክሬክ በቢጫ መንቆሯና በቀይ እግሯ ከፊላው ውስጥ የምትወጣው ዝምታ ሲሰፍን ብቻ ነው። ቅጠል በተነጠፈበት ጸጥ ያለ ውሃ ላይ አፍሪካን ፒግሚ ጉስ የምትባለውን ትንሽ ይብራ ፈልጉ፤ ሳትንቀሳቀስ ስለምትቀመጥ በባይናኩላር ቅጠሉን ደጋግሞ መቃኘት ያስፈልጋል።

ከመነሳታችሁ በፊት የሕይወት አድን ጃኬት ለሦስታችሁም መኖሩንና የልጁ በልኩ መሆኑን ዓይናችሁ ይይ። ከጉማሬ ቢያንስ 50 ሜትር ራቁ፤ ጉማሬው ጠልቆ ከጠፋ ጀልባው ወደ ፊላው ሳይሆን ወደ ክፍቱ ውሃ ይሽሽ። እምቦጭ በተዘረጋበት ውስጥም አትግቡ፤ የሞተሩን ምላጭ ይጠመጥማል። ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ማዕበሉ አጭርና ተደጋጋሚ ይሆናል፣ ባይናኩላር መያዝም አይቻልም፤ ስለዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ተመለሱ። ከዚያ ወደ ላንጋኖ ወርዳችሁ እዚያ እደሩ። ዝዋይ ውስጥ አትዋኙ፣ ባዶ እግራችሁንም አትግቡ፤ ቢልሃርዚያ አለበት። መዋኘት የተለመደው ላንጋኖ ላይ ነው።

ሦስተኛው ቀን የአብያታ ነው። ጠዋት በር ላይ የመግቢያ ክፍያችሁን ፈጽማችሁ የፓርኩን ስካውት ይዛችሁ ግቡ። ስካውቱ ለጥበቃ ብቻ አይደለም፤ ዋና ጥቅሙ መኪና የሚያቆመው ጭቃ ከየት እንደሚጀምር ማወቁ ነው። የአብያታ ዳርቻ ላዩ ነጭ ቅርፊት ሠርቶ ደረቅ ይመስላል፤ ከታች ግን ለስላሳ ጭቃ ነው። መኪና ቅርፊቱን ሰብሮ ከገባ በራሱ ኃይል አይወጣም፣ ባለአራት ጎማ አንቀሳቃሹም ቢሆን። ሣሩ በሚያበቃበት መኪናውን አቁማችሁ በእግር ሂዱ። እግር ከቁርጭምጭሚት በላይ መስጠም ሲጀምር ተመለሱ፤ «ትንሽ ብቻ እንቅረብ» የሚለው ነው ሰውን የሚያስጨንቀው። ወደ ሻላ ፍል ውሃም ብትሄዱ ልጁን እጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ውሃው ቆዳ የሚልጥ ነው፤ ዳር ዳሩ ያለው መሬትም ስስ ሊሆን ይችላል።

መንጋው ዘንድ ስትደርሱ ቀጥ ብላችሁ አትሂዱ። በሰያፍ፣ ቆም እያላችሁ ቅረቡ። ፍላሚንጎዎቹ መመገብ አቁመው አንገታቸውን ቀጥ ካደረጉና አንድ ላይ ወደ አንድ ወገን መራመድ ከጀመሩ ወሰኑ ላይ ደርሳችኋል፤ አንድ እርምጃ እንኳ አትጨምሩ። ለፎቶ ብሎ ሮጦ ማስነሳት በየጊዜው የሚታይ ክፉ ልማድ ነው። ወፉ ከውሃ ለመነሳት ብዙ እርምጃ መሮጥ አለበት፤ ለዚያ የሚያወጣው ጉልበት ደግሞ ቀኑን ሙሉ አጣርቶ ያጠራቀመው ነው። አንድ ቡድን ሲያስነሳው አይጎዳው ይሆናል፤ በቀን አምስት ቡድን ሲያስነሳው ግን ቦታውን ይለቃል። ልጁም በዝምታ ተቀምጦ ሲመገቡ የሚያሰሙትን የማያቋርጥ ጉርምርምታ ቢሰማ ከበረራው ይልቅ ያ ነው የሚቀርለት።

ከ4 ሰዓት በኋላ ሜዳው ስለሚግል አየሩ ይርገበገባል፤ ከ100 ሜትር በላይ ያለው ወፍ በቴሌስኮፕ እንኳ እንደ ውሃ ይንቀጠቀጣል። ያኔ ውጡ። ምሳ በልታችሁ ወደ አዲስ አበባ ስትመለሱ ከ11 ሰዓት በፊት ቢሾፍቱ ጨለለቃ ላይ ድረሱ። ክሬኖቹ ቀኑን የታጨደ ጤፍና ሽምብራ ማሳ ላይ ሲለቅሙ ውለው ጀምበር ልትጠልቅ ስትል በመስመር ተሰልፈው፣ ከሩቅ እየተጣሩ ወደ ውሃው ይገባሉ። ለዚህ ነው ጨለለቃን በመሄጃ ሳይሆን በመመለሻ ያደረግኩት፤ ጠዋት ብትቆሙ ማሳ ለማሳ ተበትነው ነው የምታገኟቸው። ጨለለቃ ወቅታዊ ረግረግ ስለሆነች ውሃ መያዟን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ዕቃን በሚመለከት፣ 8 በ 42 ባይናኩላር ውሰዱ። 8 ማጉያው ነው፣ 42 የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር። 10 እጥፍ የሚያጎላው የሚመረጥ ይመስላል፤ ግን ጀልባ ላይ የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል፣ የሚያሳየው ሜዳም ይጠባል። ለአብያታ ባለትራይፖድ ቴሌስኮፕ ቢገኝ መልካም ነው፤ ካልተገኘ ባለቴሌስኮፕ አስጎብኚ ፈልጉ። ለሦስት ሰው ሁለት ባይናኩላር ይያዝ፤ አንዱን ለልጁ ብቻ ስጡት፣ ተራ መጠበቅ ፍላጎቱን ይገድለዋል። ከውጭ አገር ባይናኩላር የሚያመጣ ሰው በጉምሩክ ሊጠየቅበት ስለሚችል ከመነሳቱ በፊት ያጣራ። ድሮን ያለ ፈቃድ ክልክል ነው፤ ወፍንም ያስደነግጣል።

ነጭና ደማቅ ልብስ ትታችሁ ካኪ ወይም አፈርማ ቀለም ልበሱ። ባለጠርዝ ኮፍያና ለሰው በቀን 3 ሊትር ውሃ አይቅር፤ አብያታ ዳር ጥላ የለም። ዝዋይ አካባቢ ወባ አለ፤ ከክረምቱ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር በተለይ ይበረታል፤ ጥርም ቢሆን አጎበርና የትንኝ መከላከያ ቅባት ያዙ፣ ስለ ልጁም ሐኪም አማክሩ። የመንገዱን ጸጥታ በዋዜማው ከሆቴሉና ከፓርኩ ጠይቃችሁ ተነሱ፤ ሌሊት አትንዱ። ጫማችሁን ከአንዱ ሐይቅ ወደ ሌላው ከመሄዳችሁ በፊት እጠቡት፤ የእምቦጭ ፍሬ በጭቃ ተጣብቆ ይጓዛል።

ለልጁ ማስታወሻ ደብተር ስጡትና መቁጠርን አስተምሩት። መንጋን አንድ በአንድ መቁጠር አይቻልም። አስር ወፍ ቆጥሮ ያ አስር በዓይኑ ስንት ቦታ እንደሚይዝ ይያዝ፣ ከዚያ ያንን ቁራሽ በመንጋው ላይ እየደጋገመ ያስኬደው፤ መንጋው ትልቅ ከሆነ በመቶ ቁራሽ። ሁለት ጊዜ ከግራም ከቀኝም ይቁጠርና መካከለኛውን ይጻፍ። በየዓመቱ በጥር ወር በዓለም ዙሪያ የሚካሄደው የውሃ ወፎች ቆጠራም በዚሁ ዘዴ ነው የሚሠራው። ከቁጥሩ ጎን ቀኑን፣ ሰዓቱንና ጭቃው ከሣሩ ጫፍ እስከ ውሃው ስንት እርምጃ እንደሆነ ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ዓመት ስትመለሱ የት መቆም እንዳለባችሁ የምታውቁት ከዚያ እርምጃ ነው።